ማተሚያ ቤቱ «ቬክተሩን አምጪ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ለእርስዎ። ከእህቴ ጋር አራት ኪሎ አካባቢ ቡና ቆልተን በከረጢት የምንሸጥበት ትንሽ ሱቅ ልንከፍት ነው። ሎጎውን አንድ የምናውቀው ልጅ ሠራልንና በቴሌግራም ላከልን። ስማችን በአማርኛ ተጽፏል፣ ከሥሩ በትንሹ በእንግሊዝኛ አለ፣ ከላይ የቡና ቅርንጫፍ አለው። አረንጓዴና ወርቃማ ነው፤ ጥላም አለው። ስልክ ላይ በጣም ያምራል። ቢዝነስ ካርድ፣ የወረቀት ከረጢት፣ የበር ማስታወቂያና ማህተም ለማሠራት ፒያሳ ሁለት ማተሚያ ቤት ሄድን። ሁለቱም ‹ይሄ አይሠራም፣ ቬክተሩን አምጪ› አሉን። አንደኛው ‹ፎንቱም ከርቭ መሆን አለበት፣ ብሊድም የለውም› አለ። ልጁን ስንጠይቀው ጄፔጉን ኢፒኤስ አድርጎ መልሶ ላከልን። አሁንም አይሆንም ተባልን። የሚፈልጉት ምንድን ነው? ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?»

እህቴ፣ ገበያው ይቅናችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እነዚያ ሁለት ማተሚያ ቤቶች ውለታ ነው የዋሉልሽ። ጄፔጉን ተቀብለው ዝም ብለው ማተም ይችሉ ነበር። ያኔ ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የደበዘዘ አንድ ሺህ ካርድ ተሸክመሽ ትመለሺ ነበር።

ራሴ ማስተካከል እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ ከፊሉን አዎ። ሎጎውን እንደገና መሣል ግን እጁ የተፈታ ሰው ይሥራው። ምንድን ነው የሚፈልጉት ላልሽው ደግሞ፣ ምንም ሳይገምቱ የሚያትሙትን ፋይል ነው። ለህትመት ፋይል ማዘጋጀት ማለት በእኔ እምነት ይኸው ነው። አረንጓዴው ስንት በስንት ነው? ፊደሉ የቱ ነው? ወረቀቱ የት ላይ ይቆረጣል? ጥቁሩ ምን ዓይነት ጥቁር ነው? አንቺ ያልወሰንሽውን ሁሉ ሶፍትዌሩ ወይም ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ይወስንልሻል። እሱ ደግሞ ከአንቺ በፊትም ከአንቺ በኋላም የተደረደረ ሥራ አለበት። ቆሞ ስለ ሎጎሽ የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

ከቬክተሩ እንጀምር። ጄፔግ በጥቃቅን የቀለም ካሬዎች የተሞላ ፍርግርግ ነው። እያንዳንዷ ካሬ ፒክስል ትባላለች። ሎጎሽ ወርዱ 600 ፒክስል ነው እንበል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ህትመት በተለምዶ የሚጠየቀው በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ያ ሎጎ በጥራት የሚታተመው እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ለካርድ ይበቃል ትይ ይሆናል። የበሩ ማስታወቂያ 3 ሜትር ቢሆንስ? እያንዳንዷ ፒክስል 5 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። በሩ ላይ የቆመ ሰው የፊደሉን ደረጃ ደረጃ ይቆጥረዋል።

ቬክተር ግን ፒክስል የለውም። ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ፣ በዚህ ኩርባ፣ ውስጡ በዚህ ቀለም ይሞላ የሚል የሒሳብ መመሪያ ነው። ጄፔጉ የቀሚሱ ፎቶ ነው፤ ቬክተሩ የልብስ ሰፊው ልኬትና ቅድ ነው። ሰፊ ቅዱን ካገኘ ለሕፃንም ለአዋቂም ይሰፋል። ቬክተር ሎጎም ማህተም ላይ ሲያንስ፣ ሕንፃ ላይ ሲሰፋ ጠርዙ ያው ነው።

ልጁ ጄፔጉን ኢፒኤስ አድርጎ የላከው ነገር በጣም የተለመደ ነው። በክፋት የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው ባለማወቅ ነው። ኢፒኤስ፣ ፒዲኤፍና ኤአይ የሚባሉት የፋይል ዓይነቶች በውስጣቸው ቬክተርም ፎቶም መያዝ ይችላሉ። ጄፔጉን ኢሉስትሬተር የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ ኢፒኤስ ብሎ ማስቀመጥ የስሙን ጭራ ይቀይራል እንጂ ምስሉን አይቀይርም። ኢንተርኔት ላይ «ወደ ቬክተር እንቀይራለን» ከሚሉት ገጾችም አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ይህን ራስሽ ትችያለሽ። ፋይሉን በፒዲኤፍ አስልከሽ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና ወደ አንድ ፊደል ጠርዝ እየቀረብሽ ሂጂ። የፒዲኤፍ መክፈቻው አክሮባት እስከ 6400 ፐርሰንት ያቀርብሻል። ጠርዙ እስከ መጨረሻው ጥርት ካለ ቬክተር ነው። ካሬ ካሬ ከሆነ ወይም ከደበዘዘ ፎቶ ነው። ኢሉስትሬተር ያለው ሰው አጠገብሽ ካለ ደግሞ ኮንትሮልና ዋይ ይጫን። እውነተኛ ቬክተር ከሆነ የእያንዳንዱ ፊደልና ቅጠል መስመር ይታያል። የሚታየው በሎጎው ዙሪያ ያለ አንድ አራት ማዕዘን ብቻ ከሆነ ነገሩ ታውቋል።

«ታዲያ ፕሮግራሙ ራሱ ፎቶውን ወደ ቬክተር አይቀይረውም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ይቀይረዋል። ኢሉስትሬተር ላይ «ኢሜጅ ትሬስ»፣ ኮረልድሮው ላይ «ፓወርትሬስ» አለ። ለሎጎ ግን አልመክርሽም። አንድ ክብ በንጹሕ ቬክተር አራት ነጥብ ብቻ ይበቃዋል። ከደበዘዘ ጄፔግ ላይ በአውቶማቲክ የወጣ ክብ በየቦታው ነጥብ ይዞ ይመጣል፤ ጠርዙም ይንቀጠቀጣል። የአማርኛ ፊደል ላይ ጉዳቱ የበለጠ ያስታውቃል። የ«ቡ» ቀጥ ያለ እግር ይጎብጣል፣ የ«ና» ጫፍ ይዶለዱማል። ጥሩ ዲዛይነር ጄፔጉን ከሥር አድርጎ፣ ፊደሉን በትክክለኛው ፎንት መልሶ ጽፎ፣ ቅርንጫፉን በእጁ ይሥለዋል። ከባድ ሥራ አይደለም። ከአውቶማቲኩ ጋር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

አሁን ወደ ፎንቱ። የአማርኛ ሎጎ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዲዛይነሩ የጻፈበት ፎንት በእሱ ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ማተሚያ ቤቱ ጋ ላይኖር ይችላል። ከሌለ ፕሮግራሙ ያገኘውን ይተካል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ መልኩ ብቻ ይቀየራል፣ ይነበባል። የአማርኛው ነገር የባሰ ነው። ፊደላችን የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ኮድ በሆነው ዩኒኮድ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተዘጋጁ የግዕዝ ፎንቶች የእኛን ፊደላት ያስቀመጡት በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። ቅርጻቸው የሚያምር ስላለ ዛሬም በእነሱ የሚሠሩ ዲዛይነሮች አሉ። በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ስም ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «ቡና» የነበረው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ በግምት መልሶ ይጽፈዋል። በየትኛው ፎንት? እጁ ላይ ባለው።

ስለዚህ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ይቀየራል። የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች «ከርቭ አድርገው» የሚሉት ይህንን ነው፤ ኮረልድሮው ላይ ትእዛዙ በዚህ ስም ስለሚጠራ ነው። እዚያ ላይ ጽሑፉን መርጦ ኮንትሮልና ኪው መጫን ነው። ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ነው፤ ስሙም «ክሪኤት አውትላይንስ» ይባላል። ነፃው ኢንክስኬፕ ላይ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ሥዕል ነው፤ የትም ቢከፈት አይቀየርም። ግን መታረምም አይችልም። ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ የሚታረመው ቅጂ በሌላ ስም ይቀመጥ። ሁለተኛ ስሙን ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። ፈቃዱ ላይ በ«ሀ» የተጻፈ ሎጎው ላይ በ«ሐ» ከሆነ፣ ወይ «ሰ»ው «ሠ» ከሆነ፣ ማህተም በምታሠሪ ጊዜ ጣጣ ነው።

ስለ ፊደሉ ውፍረትም ላንሳ። ኒያላ የሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ደማቅ ቅጂ የለውም። ወርድ ላይ ማወፈሪያውን «B» ስትጫኚ የሚወፍረው ፕሮግራሙ በራሱ ስለሚያወፍረው ነው። ኢሉስትሬተር ውስጥ ይህ የለም። ስለዚህ ዲዛይነሮች በፊደሉ ዙሪያ መስመር እየጨመሩ ያወፍሩታል። ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል። በትንሹ ሲታተም ግን የ«መ» እና የ«ወ» ውስጥ ይደፈናል። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ በተፈጥሮው ትንሽ ይሰፋልና። የኀምስ ቀለበትም ሌላው ተጎጂ ነው። የ«ቤ» ቀለበት ከተሞላ አንባቢ «ቢ» ብሎ ያነበዋል። ከዚህ ሁሉ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ከቀጭን እስከ ደማቅ በትክክል የተሣለ ፎንት መውሰድ ይሻላል። ነፃ ነው፤ ለንግድ መጠቀምም ይፈቀዳል።

ቅርንጫፉ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮችም ይታዩ። በነጭ ወረቀት ላይ የሚታተም መስመር ከ0.25 ፖይንት (አንድ ፖይንት የኢንች 1/72 ነው) ባያንስ ጥሩ ነው። በደማቅ መደብ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀር መስመር ደግሞ እጥፉን፣ 0.5 ፖይንት ያህል ይፈልጋል፤ ዙሪያው ያለው ቀለም ስለሚውጠው። የቅጠሉን ደም ሥር እስከ ማህተም ድረስ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ለትንሽ መጠን ደም ሥሩ የሌለው ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራ። እኔ ሎጎ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ትንሹን ቅጂ ነው። እሱ ከተሳካ ትልቁ አያሳስብም።

ሌላው መስመሩ ራሱ ነው። መስመር በፋይሉ ውስጥ መስመር ሆኖ ከቀረ፣ ሎጎው ሲያንስ ውፍረቱ አብሮ ላያንስ ይችላል። ባለ 2 ፖይንት መስመር በ2 ሴንቲ ሜትር ሎጎ ላይ 2 ፖይንት ሆኖ ይቀርና ሥዕሉን ያፍነዋል። «አውትላይን ስትሮክ» የሚባለው ትእዛዝ መስመሩን ወደ ተሞላ ቅርጽ ይቀይረዋል። ተደራርበው አንድ የሚመስሉ ቅርጾችም በ«ዩናይት» ይዋሐዱ። ይህ ለስቲከር መቁረጫው ማሽን ግዴታ ነው። ቢላው የሚከተለው ዓይናችን የሚያየውን ሳይሆን መንገዱን ነው። የተደራረበ ካለ መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል።

ቀለሙ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስልክሽ ቀለም የሚያሳይሽ በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብርሃን እየደባለቀ። ማተሚያ ቤቱ ግን ብርሃን የለውም። ያለው ወረቀትና አራት ቀለም ነው፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ሲኤምዋይኬ የሚባለው ይህ ነው። ብርሃን የሚሠራው ሁሉ በቀለም አይሠራም። በተለይ ቦግ ያለ አረንጓዴና ቦግ ያለ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛሉ። ይህ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ቅናሹን አንቺ ቀድመሽ አድርጊው። ዲዛይነሩ ፋይሉን በሲኤምዋይኬ ይክፈትና አረንጓዴውን በቁጥር ይወስን። ለምሳሌ ሲያን 85፣ ማጀንታ 10፣ ቢጫ 100፣ ጥቁር 10 የሚል ጥልቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ያምራል። ለወርቃማው ሲያን 20፣ ማጀንታ 35፣ ቢጫ 90 ብሎ መጀመር ይቻላል። ቁጥሮቹ ሙሉ ይሁኑ። ከአርጂቢ፣ ማለትም ከስክሪኑ የብርሃን ቀለም፣ በአውቶማቲክ የተቀየረ ቀለም 83.27 እያለ ይመጣል። ያን ያየ ባለሙያ ማንም እንዳልወሰነበት ወዲያው ያውቃል።

ጥቁር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከስክሪን ጥቁር ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር አንዳንዱ አሠራር ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ያደርገዋል። ድምሩ 300 ነው። ከሎጎው ሥር ያለው ትንሹ እንግሊዝኛ ጽሑፍ በአራት ቀለም ተደራርቦ ይታተማል ማለት ነው። አራቱ ፕሌቶች፣ ማለትም የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች፣ በፀጉር ያህል ቢሳሳቱ ጽሑፉ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። ለጽሑፍና ለቀጭን መስመር ጥቁር 100 ብቻ፣ ሌላው ዜሮ ይሁን። ሰፊ ጥቁር መደብ ካላችሁ ግን ጥቁር 100 ብቻውን ግራጫ ይመስላል። ያኔ ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40 ይታከልበታል። «ሬጂስትሬሽን» የሚለውን ጥቁር ግን ለሎጎ አትንኩት። እሱ ለመቁረጫ ምልክት የተሠራ ነው፤ አራቱንም ቀለም መቶ መቶ ያወጣል። ወረቀቱ አይደርቅም።

ስለ ጥላውና ስለ ወርቁ መብለጭለጭ ግን ግልጹን ልናገር። አውጡት። የሎጎው መሠረት ሁለት ወጥ ቀለም ይሁን፣ አረንጓዴና ወርቃማ፣ ያለ ጥላ፣ ያለ መደብዘዝ። ጥላ ፒክስል ነው፤ ቬክተሩ ውስጥ ተመልሶ ፎቶ ያስገባል። ማህተም ላይ አይወጣም፣ ስቲከር መቁረጫ ላይ አይቆረጥም፣ የከረጢት ህትመት ላይ ይቆሽሻል። ለቴሌግራምና ለኢንስታግራም ጥላ ያለው ቅጂ ይኑራችሁ፤ አልከለክልም። ለማተሚያ ቤት ግን አይሂድ። ሁለት ወጥ ቀለም ሌላም ጥቅም አለው። ኦፍሴት በሚባለው በፕሌት የሚያትም ማሽን ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት ይወጣል። ደረሰኝና የደብዳቤ ወረቀት ስታሳትሙ በአራት ፕሌት ፋንታ በሁለት ይሠራል።

እንዲህ ባለ ሁለት ቀለም ሥራ ላይ ነው ፓንቶን የሚባለው የሚመጣው። ፓንቶን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ ያለ የቀለም መለያ ሥርዓት ነው። አራቱን ቀለም በማደባለቅ ፋንታ ቀለሙ አስቀድሞ ተቀላቅሎ በቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ ጫፍ ላይ ያለውን ምልክት ማየት ያስፈልጋል፤ አንጸባራቂ ወረቀት ላይና ተራ ወረቀት ላይ አንዱ ቁጥር ሁለት መልክ አለው። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ማተሚያ ቤቱን «በፓንቶን ትሠራላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ዲጂታል ማሽን ብቻ ያለው ቤት መልሶ ወደ አራቱ ነው የሚቀይረው። ቁጥሩን ያወቅሽበት ድካም ለእሱ ጥቅም የለውም።

የወረቀት ከረጢታችሁ ቡናማው ክራፍት ከሆነ ደግሞ ልብ በይ። የህትመት ቀለም በአብዛኛው ብርሃን ያሳልፋል። በቡናማ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ቡናማው ከሥር ይታያል። አረንጓዴው ይጠቁራል። ወርቃማው ከወረቀቱ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ነጭ በሲኤምዋይኬ ውስጥ የለም፤ ነጭ ማለት ያልታተመ ወረቀት ማለት ነው። ክራፍት ላይ ያልታተመው ደግሞ ቡናማ ነው። ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ ለከረጢቱ ብቻ በአንድ ቀለም፣ በጥቁር ወይም በጥልቅ አረንጓዴ መሥራት ነው። ሌላው በስክሪን ፕሪንት ማሠራት ነው። በስክሪን ፕሪንት ቀለሙ ወፍራምና ሸፋኝ ነው፤ ነጭ ከሥር አስቀድሞ ማሳረፍም ይቻላል። እኔ ብሆን ጥልቅ አረንጓዴ ብቻ አደርገው ነበር። ክራፍት ላይ ቡና ቡና የሚል መልክ አለው፤ ወጪውም ይቀንሳል።

ካርዱ ላይ ወርቁ እውነተኛ ወርቅ መስሎ ይብለጭለጭ ካላችሁ በሲኤምዋይኬ አይገኝም። እንደ ፓንቶን 871 ያለ ብረት ያለበት ቀለም ወይም በሙቀት የሚለጠፍ ፎይል ይጠይቃል። ፎይል ከሆነ የሚያርፍበት ክፍል ለብቻው በሌላ ሌየር፣ ማለትም በፋይሉ ውስጥ በሌላ ንብርብር፣ ይቀመጥ፣ ሙሉ ጥቁር ይሁን፣ ስሙም «ፎይል» ይባል። መቅረጫው የሚሠራው ከእሱ ነው።

አንድ የተደበቀ ወጥመድም አለ፤ ኦቨርፕሪንት ይባላል። ጥቁር ጽሑፍ በቀለም ላይ ተደርቦ እንዲታተም ማዘዝ ጥሩ ነው፤ በዙሪያው ነጭ ክፍተት እንዳይወጣ ያደርጋል። ችግሩ ያን ጥቁር ጽሑፍ ዲዛይነሩ ኋላ ወደ ነጭ ሲቀይረው ነው። ትእዛዙ ሳይነሳ ይቀራል። ነጭ ተደርቦ ይታተም ማለት ምንም አይታተም ማለት ነው። ስክሪን ላይ ስማችሁ ይታያል፤ ሲታተም የለም። ለዚህ ነው ኢሉስትሬተር ላይ «ኦቨርፕሪንት ፕሪቪው»፣ አክሮባት ፕሮ ላይ «አውትፑት ፕሪቪው» ተከፍቶ መታየት ያለበት። አውትፑት ፕሪቪው አራቱን ቀለም አንድ በአንድ ያጠፋል፣ ያበራል። ጥቁሩን ስታጠፊ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። የጽሑፉ ቅርጽ በሌላ ቀለም ከቀረ ጽሑፉ በአራት ቀለም ነው የተሠራው።

ብሊድ፣ ከመቁረጫው መስመር የሚያልፈው ትርፍ ቀለም፣ አጭር ነገር ነው። መቁረጫው ወረቀቱን በደንብ ቆልሎ ሲቆርጥ ሚሊ ሜትር ወዲህ ወዲያ ይላል። መደቡ እስከ ጠርዝ አረንጓዴ ከሆነ ቀለሙ ከመቁረጫው መስመር በየአቅጣጫው 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይሂድ። ካርዱ 90 በ50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፋይሉ 96 በ56 ይሆናል። ጽሑፉና ሎጎው ደግሞ ከመቁረጫው መስመር ወደ ውስጥ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይራቁ፤ 5 ቢሆን ይመረጣል። መደቡ ነጭ ከሆነ ብሊድ አያሳስብሽም። ሎጎው ለብቻው እንደ ሎጎ ሲላክም ብሊድ አያስፈልገውም። ማተሚያ ቤቱ ያለሽ ስለ ካርዱ ነው።

የበሩ ማስታወቂያ ንጹሕ ቬክተር ካገኘ በመጠን አይጨናነቅም። ትልቅ ከሆነ በ1 ለ10 ልኬት ሠርቶ «በ1 ለ10 የተሠራ» ብሎ በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ልማድ ነው። ማህተሙ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎማው ላይ በሌዘር ሲቀረጽ ወይ አለ ወይ የለም፤ መካከለኛ የለም። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነው፣ ደም ሥሩ የሌለው ትንሹ ቅጂ ይሂድ።

ለመላክ ፒዲኤፍ ይሻላል። አዲሱ ኮረል ያስቀመጠውን አሮጌው ኮረል አይከፍተውም፤ ፒዲኤፍ ይህ ችግር ብዙም የለበትም። ሲቀመጥ «ፒዲኤፍ ኤክስ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ማተሚያ ቤቱ የሚፈልገውን ካልነገረሽ ፒዲኤፍ ኤክስ ዋን ኤ ይሁን። እሱ የስክሪን ቀለም አይቀበልም፤ ግልጽነት ያላቸው ነገሮች ሁሉ ተደፍጥጠው ይገባሉ። ለአሮጌ መሣሪያ ይስማማል። አዲስ ማሽን ያለው ቤት ኤክስ ፎርን ይመርጥ ይሆናል። በቴሌግራም ስትልኪ ደግሞ እንደ ፎቶ አትላኪ፤ እንደ ፋይል ላኪ። እንደ ፎቶ የሄደ ነገር ይጨመቃል፤ እዚያው ጄፔግ ይሆናል። በፍላሽ ከወሰድሽው ዚፕ አድርጊው።

ከማሽኑ በፊት ናሙና ጠይቂ። በስልክ የተላከ የናሙና ፎቶ ናሙና አይደለም። በምታሳትሙበት ወረቀት ላይ ወጥቶ፣ ደጅ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። የሱቁ አምፖል አረንጓዴን ይዋሻል። ካርዳችሁ ከሌሎች ደንበኞች ሥራ ጋር በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የሚታተም ከሆነም ጠይቂ። ያ ርካሽ ነው፣ ግን ለአንቺ አረንጓዴ ብሎ ማሽኑን የሚያስተካክል የለም። ለካርድ ይሁን፤ ለከረጢት ግን አይመከርም።

አሁን ወደ ልጁ። በምን እንደሠራው ጠይቂው። በኢሉስትሬተር ወይም በኮረል ከሆነ ኦሪጅናሉ አለው፤ እሱን ብቻ ይላክ። ኢንተርኔት ላይ ባለው የዲዛይን መሥሪያ በካንቫ ከሆነ «ፒዲኤፍ ፕሪንት» በሚለው ያውርደውና ጠርዙን ቅድም ባልኩሽ መንገድ እዪው። በካንቫ ከተሠራ ግን ቅርንጫፉ ከየት እንደመጣ አጣሪ። ከካንቫ ክምችት የተወሰደ ሥዕል ሌላውም ሰው ይጠቀምበታል፤ የራሳችሁ ብቻ አድርጋችሁ እንደ ንግድ ምልክት ልታስመዘግቡት አትችሉም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚጠይቀው ምልክታችሁ ዕቃችሁን ከሌላው እንዲለይ ነው። ከረጢት ላይ የምትሸጡ ከሆነ ይህ አንድ ቀን ይመጣል። ስለዚህ ቅርንጫፉ እንደ አዲስ ይሣል።

ኦሪጅናሉ ጠፍቷል ካለ እንደገና የሚሥል ሰው ፈልጉና ከመጀመሪያው ተስማሙ። የምትቀበሉት የሚታረመውን ፋይል፣ ከርቭ የሆነውን ባለ ሁለት ቀለም ፒዲኤፍ፣ ጥቁር ብቻ የሆነውን፣ ለደማቅ መደብ ነጩን፣ ደም ሥር የሌለውን ትንሹን እና ለስልክ መደብ የሌለውን ፒኤንጂ የሚባል የምስል ፋይል ነው። የፎንቱ ስምና የሁለቱ ቀለም ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ አብሮ ይምጣ። ሂሳቡን ከመጨረስሽ በፊት የሚታረመውን ፋይል አጠገቡ ሆነሽ አስከፍቺው፤ ከስሙ ላይ አንድ ፊደል እንዲቀይርልሽ ጠይቂው። ፊደሉ ከተቀየረ ትክክለኛውን ፋይል ይዘሻል።